ስሙ ያልተጠራው ጠላት፦ አንድ የእርስ በርስ ጦርነት እንዴት የባዕድ ጦርነት ተባለ

ከክርስቶስ ልደት በፊት በ32ኛው ዓመት፣ ሮም ከተማ ውስጥ ቤሎና በተባለችው የጦርነት አምላክ ቤተ መቅደስ ፊት አንድ ጥንታዊ ሥርዓት ተፈጸመ። ሮማውያን ባዕድ አገርን ለመውጋት ሲነሡ የሚያደርጉት ሥርዓት ነው። የጠላት በደል ይቆጠራል፤ አማልክት ለምስክርነት ይጠራሉ፤ የጠላት ምድር ተብሎ በተለየ ቁራሽ መሬት ላይ ጦር ይወረወራል። በዚያ ዓመት ሥርዓቱን የመራው ዕድሜው 30 ዓመት ገደማ የሆነው ኦክታቪያን ነበር። ጠላት ተብላ የተጠራችው ደግሞ የግብጽ ንግሥት ክሊዮፓትራ ነበረች።

እዚያ የቆመው ሰው ሁሉ ግን ጦርነቱ ከማን ጋር እንደሆነ ያውቃል። ከማርክ አንቶኒ ጋር ነው። አንቶኒ ሮማዊ ነው። ስመ ጥር የጦር አዛዥ ነው። ሁለት ጊዜ ቆንስል፣ ማለትም የአገሪቱ የበላይ ሹም፣ ሆኖ ሠርቷል። ከሁሉም በላይ፣ እስከዚያው ዓመት ድረስ ጦርነቱን የሚያውጀው ሰው የእህት ባል ነበር። በአዋጁ ውስጥ ግን ስሙ አልተጠራም።

ኦክታቪያን ማለት በገና ሰሞን የሉቃስ ወንጌል ሲነበብ ስሙ የሚሰማው አውግስጦስ ቄሳር ነው። በዚያ ንባብ ውስጥ ትእዛዙ ወደ ዓለም ሁሉ የሚወጣ፣ ተቀናቃኝ የሌለው ገዢ ሆኖ ይታያል። ወደዚያ ወንበር የደረሰው ግን በሠርግና በፍቺ፣ በግድ በተወሰደ ኑዛዜ፣ በመጨረሻም የጦርነቱን ስም በመቀየር ነው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ ከክርስቶስ ልደት በፊት ናቸው፤ ስለዚህ ቁጥሩ እየቀነሰ ይሄዳል።)

◆ የሟቹ ስም

ነገሩ የሚጀምረው ማርች 15 ቀን 44 ነው። ጁሊየስ ቄሳር በሴኔት ስብሰባ ላይ 23 ጊዜ ተወግቶ ወደቀ። በሴራው ውስጥ ከ60 በላይ ሰዎች ነበሩበት፤ መሪዎቹ ብሩተስና ካሲየስ ናቸው። አምባገነኑ ከሞተ የጥንቱ ሪፐብሊክ በራሱ ጊዜ ይመለሳል ብለው አስበው ነበር። ለማግስቱ ያዘጋጁት ነገር አልነበረም።

ክፍተቱን የሞላው አንቶኒ ነው። የዓመቱ ቆንስል እርሱ ነበር፤ የቄሳር የጦር ጓድም እርሱ ነበር፤ የሟቹ ሰነዶችና ገንዘብም በእጁ ገቡ። የቄሳር የፖለቲካ ወራሽ ራሱ እንደሚሆን የሚጠራጠርበት ምክንያት አልነበረውም። ኑዛዜው ሲከፈት ግን ቄሳር አብዛኛውን ሀብቱንና ስሙን ያወረሰው ለእህቱ የልጅ ልጅ፣ ለ18 ዓመቱ ኦክታቪያን ሆኖ ተገኘ። በኑዛዜው ልጁ አድርጎታል።

ወጣቱ በዚያን ጊዜ ከባሕር ማዶ፣ ዛሬ አልባኒያ በሚባለው አገር ትምህርት ላይ ነበር። እናቱና የእንጀራ አባቱ ውርሱ እሳት ነው፣ አትንካው ብለው መከሩት። አልሰማቸውም። ሮም ገብቶ አንቶኒን የአባቴን ገንዘብ አምጣ አለው። አንቶኒ ናቀው፤ ገንዘቡንም ከለከለው። ቄሳር ለእያንዳንዱ የከተማዋ ዜጋ 300 ሴስተርስ ተናዝዞ ስለነበር፣ ኦክታቪያን የራሱን ንብረት ሸጦና ተበድሮ ከፈለ።

አንቶኒ ይህ ልጅ ያለው ስም ብቻ ነው እያለ ይሳለቅበት ነበር። እውነቱን ነው። የተሳሳተው ስሙ በሚያወጣው ዋጋ ላይ ነው። የቄሳር አዛውንት ወታደሮች ለሴኔት አይሞቱም፤ ለሪፐብሊክም አይሞቱም፤ ቄሳር ለሚባል ሰው ግን ይሞታሉ። ወጣቱ ይህን ቀድሞ ገባው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ራሱን የሚጠራው ኦክታቪያን ብሎ ሳይሆን ጋይዮስ ቄሳር ብሎ ነበር። ኦክታቪያን የሚለው ስም ከታላቁ ቄሳር እንዲለይ የታሪክ ጸሐፊዎች የሚጠቀሙበት ነው።

ልጁን የናቀው አንቶኒ ብቻ አልነበረም። የዘመኑ ታላቅ ተናጋሪ ሲሴሮም አንቶኒን የሚያወግዙ 14 ንግግሮችን ሲያዘጋጅ ወጣቱን እንደ መሣሪያ ሊጠቀምበት፣ ሥራው ሲያልቅ ደግሞ ሊያስወግደው አስቦ ነበር። ሐሳቡ ወጣቱ ጆሮ ደረሰ። በ43 የሴኔቱ ጦርና ኦክታቪያን አብረው ሰሜን ጣሊያን ውስጥ አንቶኒን አሸነፉ፤ በዚያ ዘመቻ ግን ሁለቱም የዓመቱ ቆንስሎች ሞቱ። ኦክታቪያን ባዶውን ወንበር ጠየቀ። ሴኔቱ አመነታ። እርሱም 8 ሌጌዎን ጦር አስከትሎ ሮም ገባና በ19 ዓመቱ ቆንስል ሆነ።

◆ የሦስቱ ስምምነት

በዚያው ዓመት በኖቬምበር ወር፣ ዛሬ ቦሎኛ በምትባለው ከተማ አጠገብ በሚፈስ ወንዝ መካከል ባለች ትንሽ ደሴት ላይ ሦስት ሰዎች ተገናኙ። አንቶኒ፣ ኦክታቪያንና ሌፒደስ የተባለ ሌላ የቄሳር ሹም ናቸው። ከወራት በፊት ይዋጉ ነበር። አሁን ደግሞ ተፈታትሸው፣ መሣሪያ አለመያዛቸውን አረጋግጠው ለስምምነት ተቀመጡ። ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት የሚባለው እንዲህ ያለውን ነው።

የተስማሙበት ነገር አገሪቱን ለአምስት ዓመት በሦስት ሰው ሥልጣን ማስተዳደር ነበር። ለጦሩ ገንዘብ ያስፈልጋል፤ ጠላቶችም አሉ። ሁለቱንም በአንድ ጊዜ የሚፈታ መንገድ አገኙ፦ የሞት መዝገብ። ስሙ የተጻፈ ሰው ማንም ሊገድለው ይችላል፤ ገዳዩ ይሸለማል፤ ንብረቱ ይወረሳል። የታሪክ ጸሐፊው አፒያን እንደሚለው 300 ያህል ሴናተሮችና 2,000 ያህል ባለጸጋ ፈረሰኞች ተመዘገቡ። ስም እየተለዋወጡ ነበር የሚጽፉት። አንቶኒ የገዛ አጎቱን አሳልፎ ሰጠ፤ ሌፒደስ ወንድሙን ሰጠ፤ ኦክታቪያን ደግሞ ሲሴሮን ሰጠ። አጎትየውና ወንድምየው በኋላ ተርፈዋል። ሲሴሮ ግን ዲሴምበር 7 ቀን ተገደለ፤ ራሱና እጆቹ ንግግር ያደርግበት በነበረው የአደባባይ መድረክ ላይ ተሰቀሉ።

ስምምነቱን ለማጽናት ሠርግ ተደረገ። ኦክታቪያን የአንቶኒን የእንጀራ ልጅ ክሎዲያን አገባ። የልጅቱ እናት የአንቶኒ ሚስት ፉልቪያ ናት፤ በዘመኗ እንደ ወንዶቹ በፖለቲካ የገባች ብርቱ ሴት ነበረች። ይህ በሁለቱ ሰዎች መካከል ከተደረጉት ጋብቻዎች የመጀመሪያው ነው።

በ42 በፊሊጲ ጦርነት ብሩተስና ካሲየስ ተሸንፈው ራሳቸውን ገደሉ። ድሉ በአብዛኛው የአንቶኒ ነበር፤ ኦክታቪያን ታሞ ነበር። ከዚያ በኋላ ግዛቱን ሲከፋፈሉ አንቶኒ ሀብታሙን ምሥራቅ ያዘ። ለኦክታቪያን የደረሰው መራራው ሥራ ነው፤ በጣሊያን የገበሬውን መሬት እየነጠቀ ለተሰናበቱ ወታደሮች ማደል።

◆ ወታደሮቹ አንዋጋም ሲሉ

መሬቱን የተነጠቀ ሰው ይጮኻል። ያንን ጩኸት ይዘው በኦክታቪያን ላይ የተነሡት ፉልቪያና የአንቶኒ ወንድም ሉሲየስ ናቸው። አንቶኒ ራሱ ምሥራቅ ነበር። ኦክታቪያን ሉሲየስን ፔሩሲያ በተባለችው ተራራማ ከተማ ውስጥ ከቦ በረሃብ አስጨነቀው። ከዚያ ከበባ የተረፉ ከእርሳስ ማዕድን የተሠሩ የወንጭፍ ጥይቶች ዛሬም አሉ። ወታደሮቹ በላያቸው ላይ ስድብ ቀርጸውባቸዋል፤ ፉልቪያም ኦክታቪያንም በነውረኛ ቃል ተሰድበውባቸዋል። ኦክታቪያን ክሎዲያን ሳልደርስባት ነው የምመልሳት ብሎ ምሎ ለእናቷ ላካት።

በ40 ከተማዋ ወደቀች። ፉልቪያ ወደ ግሪክ ሸሽታ ብዙም ሳትቆይ ታማ ሞተች። አንቶኒ ጦሩን ይዞ ወደ ጣሊያን ሲመጣ የብሩንዲሲየም ወደብ ተዘግቶ ጠበቀው። ሁለቱ ጦሮች ፊት ለፊት ተፋጠጡ።

እዚህ ላይ የዚህን ታሪክ አቅጣጫ የወሰነ ነገር ሆነ። ወታደሮቹ አንዋጋም አሉ። በሁለቱም ወገን የቆሙት የቄሳር አሮጌ ወታደሮች ነበሩ፤ ፊሊጲ ላይ በአንድ ሰልፍ ውለዋል። ጌቶቻችን ይታረቁ እንጂ እርስ በርስ አንተራረድም ብለው ሽማግሌ ሆኑ። አዛዦቹ ሳይወዱ ታረቁ። ኦክታቪያን ከዚህ አንድ ነገር ተማረ፦ ሮማዊን ከሮማዊ ጋር ለማዋጋት ወታደሩ ሌላ ምክንያት ያስፈልገዋል።

የእርቁ ማኅተም እንደገና ሠርግ ነበር። ኦክታቪያን ታላቅ እህቱን ኦክታቪያን ለአንቶኒ ዳረለት። በአማርኛ የወንድምና የእህት ስም አንድ ዓይነት ይመስላል፤ ስለዚህ ከዚህ በኋላ እርሷን በላቲን አነጋገር ኦክታዊያ እንበላት። ኦክታዊያ ባሏ የሞተባት በቅርቡ ነበር፤ ሕጉ መበለት አሥር ወር ሳይሞላት እንዳታገባ ይከለክላል። ሴኔቱ ሕጉን ለእርሷ ሲል አነሣው። ሰላም ፈላጊው ሕዝብ በደስታ ፈነጠዘ። አንቶኒም የራሱንና የእርሷን መልክ በገንዘብ ላይ አስቀረጸ።

◆ በሁለት ወንዶች መካከል

አንቶኒ ይህን ሲያገባ እስክንድርያ ውስጥ የወለዳቸው መንታ ልጆች ነበሩት። ክሊዮፓትራን በ41 ጠርሴስ ላይ አግኝቷት ነበር። ይህን ግንኙነት በፍቅር ብቻ መተርክ የተለመደ ነው፤ ነገር ግን ሁለቱም የሚፈልጉት ነገር ነበር። አንቶኒ በፓርቲያ ላይ ለሚያደርገው ዘመቻ የግብጽ ገንዘብና እህል ያስፈልገዋል። እርሷ ደግሞ ዙፋኗን የሚጠብቅላት የሮም ኃይል ያስፈልጋታል። ፕሉታርክ እንደጻፈው ክሊዮፓትራ ከብዙ ሕዝቦች ጋር ያለ አስተርጓሚ ትነጋገር ነበር፤ ግሪኮች ኢትዮጵያውያን እያሉ ከሚጠሯቸው ከግብጽ ደቡብ ሰዎች ጋር ጭምር። ከመቄዶንያ በመጣው ሥርወ መንግሥቷ ውስጥ የግብጻውያንን ቋንቋ የተማረች የመጀመሪያዋ ገዢም እርሷ ናት ይባላል።

ኦክታቪያንም በበኩሉ ትዳሩን እንደ ስምምነት ሰነድ ይቀያይር ነበር። የባሕር ኃይሉን የያዘውን ሴክስተስ ፖምፔይን ለማባበል ዘመዱን ስክሪቦኒያን አገባ። ሴት ልጁን ጁሊያን በወለደችለት ዕለት ፈታት። በ38 መጀመሪያ ሊቪያን አገባ፤ ሊቪያ ከቀድሞ ባሏ ነፍሰ ጡር ነበረች፤ በሠርጉ ላይም እንደ አባት ሆኖ የዳራት ያው የቀድሞ ባሏ ነው።

በ37 ሁለቱ አማቾች እንደገና ሊዋጉ ደረሱ። አንቶኒ በ300 መርከብ ወደ ጣሊያን መጣ። ኦክታዊያ እርጉዝ ሆና ወደ ወንድሟ ሄደች። አንዳችሁ ብታሸንፉ ሌላው ይሸነፋል፤ በሁለቱም በኩል የምጎዳው እኔ ነኝ ብላ ለመነችው። ታረንቱም ላይ ታረቁ። አንቶኒ መርከብ ሰጠ፤ ኦክታቪያን ወታደር ሊሰጥ ቃል ገባ፤ ሥልጣናቸውንም ለአምስት ዓመት አራዘሙ።

አንቶኒ የገባውን ፈጸመ። ኦክታቪያን አልፈጸመም። በ36 የኦክታቪያን ጓደኛና ታላቅ አዛዥ አግሪፓ ሴክስተስ ፖምፔይን በባሕር ላይ አሸነፈ፤ ሌፒደስም ሥልጣኑን ተገፎ በግዞት ተቀመጠ። ኦክታቪያን ሮም ገብቶ የእርስ በርስ ጦርነት አበቃ ብሎ አወጀ። ሕዝቡ አመነው፤ በዚያ ቃል ምክንያትም ወደደው። በዚያው ዓመት አንቶኒ ፓርቲያ ላይ ከባድ ሽንፈት ደረሰበት። ፕሉታርክ 20,000 እግረኛና 4,000 ፈረሰኛ አለቀበት ይላል፤ ከግማሽ በላዩን የገደለው በሽታ ነበር።

በ35 ኦክታዊያ ለባሏ ልብስ፣ ከብት፣ ገንዘብና 2,000 ምርጥ ወታደሮች ይዛ ተነሣች። ቃል ከተገባለት ጦር ጋር ሲነጻጸር እዚህ ግባ የሚባል አልነበረም። ወንድሟ የፈቀደላት አንቶኒን ለማጥመድ ነው የሚሉ የጥንት ጸሐፊዎች አሉ። አንቶኒ ስጦታውን ቢቀበል ስድቡን ዋጠ፤ ሚስቱን ቢመልስ የኦክታቪያንን እህት አዋረደ። አቴንስ ስትደርስ ደብዳቤው ጠበቃት፦ ከዚህ አትለፊ የሚል። ስጦታውን ልካለት ተመለሰች።

ወንድሟ የዚያን ሰው ቤት ልቀቂ አላት። እምቢ አለች። በአንቶኒ ቤት ተቀምጣ የራሷንም የፉልቪያንም ልጆች ታሳድግ ነበር፤ ከምሥራቅ የሚመጡ የአንቶኒን ሰዎች ትቀበል ነበር። በእኔ የተነሣ ጦርነት እንዳይከፈት ብላ ወንድሟን ለመነች። ትዕግሥቷ ግን ሳታስበው ባሏን ጎዳው። እንዲህ ያለችውን ሚስት የሚገፋ ሰው ምን ዓይነት ነው እያለ የሮም ሰው ተቆጣ።

◆ የቄሳር ልጅ

በ34 አንቶኒ ለጠላቱ የሚፈልገውን ሁሉ ሰጠው። እስክንድርያ ውስጥ በብር መድረክ ላይ የወርቅ ዙፋኖች ተዘርግተው፣ ክሊዮፓትራና ልጆቿ ተቀምጠው፣ የምሥራቅ አገሮች ታደሉላቸው። ለአሌክሳንደር አርሜንያ፣ ሜዶንና ገና ያልተያዘችው ፓርቲያ። ለሕፃኑ ጵቶሌሚ ሶርያና ኪልቅያ። ለሴሌኔ ቀሬና።

ሮማውያንን ያስቆጣው የመሬቱ እደላ ነው ተብሎ ብዙ ይነገራል። ኦክታቪያንን የወጋው ግን ሌላ ነው። በዚያ ቀን አንቶኒ የክሊዮፓትራን ታላቅ ልጅ ቄሳርዮንን የጁሊየስ ቄሳር እውነተኛ ልጅ ብሎ አስታወቀ። የኦክታቪያን ሀብት ሁሉ አንድ ስም ነው፤ ያንንም ያገኘው በኑዛዜ ነው። አሁን እስክንድርያ ውስጥ ከቄሳር አብራክ ተወለደ የተባለ የ13 ዓመት ልጅ አለ። አንቶኒ ከአሥር ዓመት በፊት የሳቀበትን ስም አሁን ሊነጥቀው ተነሣ። ከዚህ በኋላ እርቅ አልነበረም።

በደብዳቤ መሰዳደብ ተጀመረ። አንዱ የሌላውን መኝታ ቆጠረ። አንቶኒ ከንግሥቲቱ ጋር ስለሆንኩ ነው ወይ የተቆጣኸኝ፣ አንተስ ሚስትህ ብቻ ትበቃሃለች ወይ ብሎ የሴቶችን ስም ዘርዝሮ ጻፈለት። ስካር ሲወራበትም ስለ መጠጡ መከላከያ ጽሑፍ እስከ ማሳተም ደረሰ። ለእንዲህ ያለ ወሬ መልስ መስጠት ወሬውን ማራባት እንደሆነ አልታየውም።

◆ ኑዛዜው

በ32 ሁለቱም ቆንስሎች የአንቶኒ ደጋፊዎች ነበሩ። ኦክታቪያን የታጠቁ ሰዎች አስከትሎ ሴኔት ሲገባ ቆንስሎቹና በመቶ የሚቆጠሩ ሴናተሮች ወደ አንቶኒ ሸሹ። ሕጉ ያለው ከዚያ ወገን ይመስል ነበር። ከዚያ በኋላ አንቶኒ ኦክታዊያን ፈታት፤ ሰዎች ልኮም ከቤቱ አስወጣት። ልጆቹን አስከትላ እያለቀሰች ወጣች።

በዚያው ሰሞን ፕላንከስና ቲቲየስ የተባሉ የአንቶኒ ቅርብ ሰዎች ከድተው ወደ ኦክታቪያን መጡ። የአንቶኒ ኑዛዜ ሮም ውስጥ በቬስታ ደናግል ዘንድ በአደራ እንዳለ ነገሩት። ደናግሉ ሮማውያን እጅግ የሚያከብሯቸው የእሳት አገልጋዮች ናቸው፤ በእነርሱ ዘንድ የተቀመጠ ሰነድ አይነካም። ኦክታቪያን ሲጠይቃቸው አንሰጥም፣ ከፈለግህ ራስህ መጥተህ ውሰድ አሉት። ሄዶ ወሰደ። መጀመሪያ ብቻውን አነበበው፤ የሚጠቅመውን ቦታ ምልክት አደረገበት፤ ከዚያ በሴኔት ፊት አነበበው።

ኑዛዜው ቄሳርዮን የቄሳር ልጅ ነው ይላል ተባለ፤ ለክሊዮፓትራ ልጆች ሀብት ያወርሳል ተባለ። ሁሉን ያስደነገጠው ግን ሮም ውስጥ ብሞት እንኳ ሬሳዬ ወደ እስክንድርያ፣ ወደ ክሊዮፓትራ ይላክ የሚለው ቃል ነው። ብዙ ሴናተሮች በድርጊቱ ቅር ተሰኝተው ነበር፤ ሰው ከሞተ በኋላ ሊደረግለት ስለሚፈልገው ነገር በሕይወት ሳለ እንዴት ይጠየቃል አሉ። ቃሉ እውነተኛ ይሁን የተጨመረ የታሪክ ሊቃውንት ዛሬም ይከራከሩበታል። ጎዳና ላይ ግን ክርክር አልነበረም። አንቶኒ ሮማዊነቱን ትቷል፤ ዋና ከተማችንን ወደ እስክንድርያ ሊያዛውር ነው፤ ጠንቋይዋ ንግሥት አስክራዋለች የሚለው ወሬ አገር አዳረሰ።

ኦክታቪያን ይህን ያህል የደከመበት ምክንያት ግልጽ ነው። የእርስ በርስ ጦርነት አበቃ ብሎ ያወጀው ራሱ ነው። ብሩንዲሲየም ላይ ወታደሩ ወንድሙን አልወጋም እንዳለ አይቷል። ለጦርነቱ ከነጻ ዜጎች የገቢያቸውን ሩብ፣ ነጻ ከወጡ ባሪያዎች የንብረታቸውን ስምንተኛ ግብር ሲጠይቅ ጣሊያን ውስጥ ረብሻ ተነሥቶበታል። ለአማቾች ጠብ ማን ሩብ ገቢውን ይሰጣል? ማንስ ይሞታል? ለባዕድ ንግሥት እንዳይገዛ ግን ሰው ይከፍላል፤ ይሞታልም።

ሌላም ጥቅም ነበረው። ጠላቷ ክሊዮፓትራ ከሆነች አንቶኒን ከሓዲ ብሎ መፈረጅ አያስፈልግም። ከእርሷ ጎን ከቆመ ራሱን በራሱ ከሓዲ አደረገ ማለት ነው። ከእርሱ ጋር ያለ ሮማዊ ሁሉም እንዲሁ። የፖለቲካ ተቃዋሚ የነበረው ሰው በአንድ ሌሊት የባዕድ አገልጋይ ሆኖ አደረ።

በዚያ ዓመት የጣሊያን ከተሞች ለኦክታቪያን የታማኝነት መሐላ ማሉ። እርሱ በኋላ በጻፈው የሥራው ዝርዝር ላይ ሁሉም በገዛ ፈቃዱ ማለ ይላል። ነገር ግን የቦሎኛ ሰዎች የአንቶኒ ቤት የቆዩ ወዳጆች ስለነበሩ ከመሐላው እንዲቀሩ እርሱ ራሱ ፈቅዶላቸዋል። ሁሉም በፈቃዱ ከማለ ፈቃድ ጠይቆ የሚቀር ለምን ይኖራል?

◆ የኦክታዊያ ቤት

ጦርነቱ ራሱ ረጅም አይደለም። በ31 አግሪፓ የአንቶኒን የስንቅ መንገድ ቆረጠ፤ በግሪክ ጠረፍ በአክቲየም የሰፈረው ጦር በበሽታና በረሃብ ተዳከመ፤ ሹማምንቱ በየሌሊቱ ከዱ። ሴፕቴምበር 2 ቀን በተደረገው የባሕር ውጊያ ክሊዮፓትራ 60 መርከቦቿን ይዛ ሰብራ ወጣች፤ አንቶኒም ተከትሏት ሄደ። ትቶት የሄደው የምድር ጦር ሰባት ቀን ጠብቆት እጁን ሰጠ።

በ30 ኦገስት 1 ቀን እስክንድርያ ወደቀች። አንቶኒ ክሊዮፓትራ ሞታለች የሚል የሐሰት ወሬ ሰምቶ ራሱን ወጋ፤ በሕይወት እንዳለች ሲሰማ ወደ እርሷ ተወስዶ በእቅፏ ሞተ። እርሷም ከቀናት በኋላ ራሷን ገደለች። ኦክታቪያን ሁለቱ በአንድ መቃብር እንዲቀበሩ ፈቀደ። አገር ያስቆጣበትን የኑዛዜውን ቃል በመጨረሻ የፈጸመው ራሱ ሆነ።

ቄሳርዮን ተገደለ፤ ሁለት ቄሳር አይኖርም። የአንቶኒ ታላቅ ልጅ አንቲለስም ተገደለ። በሮም የአንቶኒ ሐውልቶች ወረዱ፤ ከቤተሰቡ ማንም ማርከስ የሚለውን ስም እንዳይይዝ ተከለከለ፤ የልደት ቀኑ ጃንዋሪ 14 የመጥፎ ዕድል ቀን ተባለ። በዚያ ዓመት ቆንስል ሆኖ የተቀመጠው የሲሴሮ ልጅ ነበር። በ29 ለሦስት ቀን የድል ሰልፍ ሲደረግ የክሊዮፓትራ ምስልና መንታ ልጆቿ በሰልፉ ታይተዋል። አንቶኒ አልተጠቀሰም። አውግስጦስ በ75 ዓመቱ ለሐውልት መቃብሩ በተወው የሥራ ዝርዝር ውስጥም የአንቶኒ ስም አንድም ቦታ የለም።

አንድ ቤት ግን ለዚህ አዋጅ አልተገዛም። ኦክታዊያ ከአንቶኒ የወለደቻቸውን ሁለት ሴቶች ልጆች ታሳድግ ነበር። የፉልቪያን ልጅ ዩለስንም ታሳድግ ነበር። ከሰልፉ በኋላ ደግሞ የክሊዮፓትራን ልጆች ተቀበለች። ባሏን የነጠቀቻት፣ ወንድሟም የሮም ጠላት ብሎ ጦርነት ያወጀባት ሴት ልጆች ናቸው። ሴሌኔን አሳድጋ በሰሜን አፍሪካ የሞሪታንያ ንጉሥ ለሆነው ለዩባ ተዳረች፤ ንግሥትም ሆነች።

በዚያ ቤት ማዕድ የቀረቡት ልጆች የአንድ አባት ልጆች ነበሩ። ባዕድና ሮማዊ ተብሎ የተለየው ጦርነት እነርሱ ዘንድ የእህትና የወንድም ነገር ነው። ከኦክታዊያ ሁለት ሴቶች ልጆች የዘር ሐረግም ሦስት የሮም ንጉሠ ነገሥታት ወጡ፦ ካሊጉላ፣ ክላውዲየስና ኔሮ። ኦክታቪያን ወንድ ልጅ አልነበረውም። ስሙ እንዳይጠራ የተፈረደበት ሰው የልጅ ልጅ የሆነው ክላውዲየስ በዙፋን ሳለ የአባቱ የልደት ቀን በደመቀ ሁኔታ እንዲከበር አዘዘ፤ ምክንያቱንም ሲናገር ቀኑ የአያቴ የአንቶኒም የልደት ቀን ነው አለ።